ኖር የማይባልበት ቤት

ከወንበር መነሳት ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ጉልበት ያለው ሰው ጠረጴዛውን ደገፍ አድርጎ ብድግ ይላል፤ ጉልበት የሌለው ወገቡን ይዞ፣ «እመብርሃን» ብሎ፣ ቀስ እያለ ይነሳል። በቃ። እኔም እንደ እናንተ ነበር የማስበው። ዛሬ ግን የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲንቋቋ ከሰማሁ ልቤ ቀጥ ይላል። ሰው እባብ ይፈራል፣ ሰው ፖሊስ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው የወንበር ድምፅ ነው። ምግብ ቤት ከፍቼ። እስቲ ፍረዱኝ።

ቤቴ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ነው። በግራዬ የሶማሌ ጨርቅ ቤት፣ በቀኜ ስልክ ጠጋኝ፣ በፊቴ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ሰሃኖቼን የሚያንቀጠቅጥ መንገድ፣ ከላዬ ደግሞ የማከራያቸው አራት ክፍሎች። ስምንት ጠረጴዛ አለኝ። ሽሮና በያይነቱ፣ ፍስክ ሲሆን ጥብስ። የሚመጡት ባብዛኛው ያገሬ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከምሳቸው ጋር የየራሳቸውን ፍርሃት ይዘው ይገባሉ። አንዱ የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስልኩን እንደ ፍም ይጥለዋል። አንዱ «ከየት ነህ?» ሲሉት የጎረቤቱን አገር ይናገራል። አንዱ ኪፓንዴ የሚሉትን መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ እንዳያገኘው ሲል አምስት ደቂቃ መንገድ በግማሽ ሰዓት ዞሮ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው አይወድም። በኢስትሊ ጭቃ ጫማው ካልቆሸሸ በመኪና የመጣ ነው፤ በመኪና የመጣ ሰው ደግሞ በመኪና ይዞህ ሊሄድ ይችላል፣ ይላል። ሳቅኩበት። በኋላ ግን እኔም የሰው ጫማ ማየት ጀመርኩ።

ልጄ ሊያ በዚህ ሁሉ ትገረማለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የጭነት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በልጅነቷ አንድ ቀን ሰዎች በአንድ ላይ ከመቀመጫቸው ሲነሱ አይታ፣ «ማሚ፣ ብሔራዊ መዝሙር ነው እንዴ?» ብላኛለች። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ በቻልኩት መጠን አስረዳኋት። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሳል። «ኖር!» ይላል። የገባው ሰው «በእግዚአብሔር!» ብሎ መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ፣ ተቀመጡ ይላል። እነሱ ካልተቀመጡ እሱ አይቀመጥም፣ እሱ ካልተቀመጠ እነሱ አይቀመጡም፤ እንዲህ እየተባባሉ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

«ጊዜ ማባከን» አለች ልጄ።

ልክ ናት። ግን እናንተም አስቡት፤ ሰው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው «አንተ እኮ አለህ» የሚባለው?

እንግዲህ ወደ ጋሽ አሰፋ ልምጣ። ስማቸው አሰፋ አይደለም። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ ብጽፈው ግማሾቻችሁ ከመቀመጫችሁ ትነሳላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ስልክ ታነሳላችሁ፤ ሁለቱም ለእኔ አይበጁኝም።

ጋሽ አሰፋ የእኛ አገር አስተዳዳሪ ነበሩ። እዚህ ኬንያ ገቨርነር የሚሉት መሆኑ ነው። ልዩነቱ የዚህ አገሩ ገቨርነር ፎቶው በየአጥሩና በየመብራት እንጨቱ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ ተዘፍኖለት ሲመጣ፣ የእኛው በደብዳቤ መጥቶ በደብዳቤ ይሄዳል። ጋሽ አሰፋም ከመምህርነት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ፣ በደብዳቤ በደብዳቤ የወጡ ሰው ናቸው። ገና እንደተሾሙ አንዲት የገጠር ከተማ ሊጎበኙ ሲሄዱ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ በፀሐይ ቆሞ እንዲቀበላቸው ተደረገ። እሳቸው የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። መኪናቸው ሕዝቡን አቧራ እያለበሰ ሲያልፍ አንዲት አሮጊት ተዝለፍልፋ ወደቀች። አስቁመው ወረዱ፣ ደግፈው አነሷት፣ ውኃ አጠጧት፤ «ምን አቤቱታ ኖሮሽ ነው እናቴ?» ብለው ጠየቋት።

«ምንም የለኝ» አለች። «ቁሙ ስላሉን ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ጋሽ አሰፋ ከመኪናቸው ኋላ የምትታጠፍ የእንጨት ወንበር አስጭነው መሄድ ጀመሩ። የትም ቦታ ቢሆን አቤት ባይ ሲመጣ ወንበሯ ትዘረጋለች፣ አቤት ባዩ ይቀመጣል፣ አስተዳዳሪው ቆመው ይሰማሉ። ይህን በእኛ አገር ማን አየ? በእኛ አገር ሹም ተቀምጦ ድኻ ነው ቆሞ የሚለምነው። እናቴ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ሲሞት ዘመዶቹ ቦታዋን ሊወስዱባት ነበርና ያንኑ ልታመለክት ሄደች። እናቴ ደግሞ ወሬ ከጀመረች ከልደቷ ነው የምትነሳው። ጋሽ አሰፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሰሟት። ቦታው ተመለሰላት ወይ ብትሉኝ፣ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እስከ ዛሬ ክርክር ላይ ነው። እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ ለሰው ያወራችው ስለ ቦታው አልነበረም። ስለ ወንበሯ ነው።

ሌላም ሥራ አላቸው። የላይኛውና የታችኛው ወረዳ ሰዎች በአንድ ወንዝ ውኃ ሲጋደሉ የኖሩ ነበሩ። ጋሽ አሰፋ ሁለቱን ወገን ወንዙ ዳር ሰብስበው ቀን ከፈሉላቸው፤ ሦስት ቀን ለላይኞቹ፣ ሦስት ቀን ለታችኞቹ፣ እሑድ ወንዙ ለራሱ ይፍሰስ ብለው። ወረቀት አልተጻፈም። ቃላቸው ብቻ ነበር፤ ቃላቸውም ያዘ።

እንዲህ የተወደደ ሰው መጨረሻው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ከመሐል አገር አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ባለሥልጣኑ ሲገቡ ሰው እንደ ደንቡ ተነሳ፣ እንደ ደንቡ ተቀመጠ። ጋሽ አሰፋ ከኋላ ሲገቡ ግን አዳራሹ ባንድ ጊዜ «ኖር!» ብሎ ግልብጥ ብሎ ተነሳ፣ ሴቱ እልል አለ፤ ተቀመጡ ቢባል አልቀመጥም አለ። ሰውዬው ከመድረኩ ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩ ነበር። ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ። ከደብዳቤው በኋላ እስር፣ ከእስሩ በኋላ በሞያሌ በኩል መንገድ፣ ከመንገዱ በኋላ የእኔ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ ወደ ጨርቅ ቤቱ ጓሮ የምታይ ክፍል።

የመጀመሪያ ቀን ለምሳ ሲወርዱ የሆነውን ልንገራችሁ። ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ ያደረጉት ኮት የሌላ ሰው ነው። ቢሆንም ደጃፉ ላይ ቆም ሲሉ ስምንቱም ጠረጴዛ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። የወንበሩ ድምፅ መንገድ ድረስ ተሰማ። የጨርቅ ቤቱ ሶማሌ ፖሊስ የመጣብን መስሎት ሜትሩን እንደያዘ ሮጦ ደረሰ። በጓዳ በር የወጡ ሁለት ደንበኞቼም ነበሩ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ግራ ጫማውን አልወሰደም።

እዚያው ላይ ደንብ አወጣሁ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ኖር አይባልም፣ ለማንም አይነሳም» አልኩ። አዳራሹ ውስጥ የደረሰባቸው እዚህ እንዳይደገምባቸው ነው። ያባረሯቸው ሰዎች ረጅም እጅ አላቸው ይባላል፤ ኢስትሊ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። ጋሽ አሰፋም «ደግ አደረግሽ፣ እታለም» አሉኝ።

ደንብ ማውጣት ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ ኤርትራዊ ደንበኛ አለኝ፤ አቦይ ወልዱ ይባላሉ፣ በጥንት ጊዜ ከአስመራ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ። ጋሽ አሰፋ ሲገቡ እሳቸው ከወንበሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«አቦይ ወልዱ!» ብዬ ባፈጥባቸው፣ «ወንበሬን እያስተካከልኩ ነው! ወንበር ማስተካከልም ተከለከለ?» ይሉኛል።

ሌላው ያስላል። ሌላው ኮፍያውን ያወልቃል። አንዷ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ማኘኳን ታቆማለች። ጋሽ አሰፋም ደጃፉ ላይ ቆም ብለው መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለሳሉትና ላላኘኩት፣ ተቀመጡ ማለታቸው ነው። ሁሉም የተቀመጠ ነው። እኔ ብቻ አየዋለሁ፤ አይቼም ዝም እላለሁ። እንዲህ እየተሳለ፣ እንዲህ ዝቅ እየተባለ፣ ወራት በሰላም አለፉ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው በዕድሜ የገፋ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጠመጠመ፤ ሁለተኛው ጎልማሳ፣ በናይሮቢ ፀሐይ ወፍራም ጃኬት የለበሰ። ቀድሜ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ንጹሕ ነው። በር በሩን የሚያሳየውን ጠረጴዛ መርጠው ተቀመጡ። የጾም አዘዙ፣ በሉ፣ አልሄዱም። ሻይ አዘዙ፣ ጠጡ፣ አልሄዱም። ሒሳብ ልቀበል ስጠጋ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤት፣ እዚህ ሰፈር ከእኛ አገር የመጡ አንድ ሰው አሉ ሲባል ሰምተን ነበር። ረዘም ያሉ፣ ቀይ፣ ድሮ ሹም የነበሩ» አለኝ። በአነጋገሩ ያገሬ ልጅ መሆኑን አወቅኩት። ያገር ሰው ሲጠይቃችሁ መፍራት አይገባም ትሉ ይሆናል። ይገባል እንጂ! ፈረንጅ ወይ ኬንያዊ ይልካሉ እንዴ? ሰው ለማደን የሚላከው ሰውዬውን የሚያውቅ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አልኩ። ረቡዕ ነው፤ ጾም ይዣለሁ። በጾም ዋሸሁ። ጓዳ ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሥዕለ ማርያም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ውሸት ብቻውን አይሄድም። ትሪ ይዤ ፎቅ ወጣሁና፣ «ጋሽዬ፣ ምግብ ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ምግብዎን እዚህ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ለምን እውነቱን አልነገርሻቸውም ትሉኛላችሁ። አንደኛ የደም ብዛት አለባቸው። ሁለተኛ ብነግራቸው «ማነው የሚፈልገኝ?» ብለው ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ናቸው። አቤት የሚል ያለ ከመሰላቸው አያርፉም።

ከሥራ ስትመለስ ለሊያ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ፖሊስ እንጥራ» አለች።

«ፖሊስ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእኛን ወረቀት ነው።»

«ሳዋ፣ እሺ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። መኪና ለምኜ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ ላድርሳቸው። እነዚህ ሰዎች ሰልችቷቸው እስኪሄዱ ምሄሺሚዋችን እዚያ ይቆዩ።» ጋሽ አሰፋን ምሄሺሚዋ ነው የምትላቸው፤ በዚህ አገር ለፖለቲከኛ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ስትቀልድ የጀመረችው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

ስለዚህ ሐሙስንና ዓርብን ማለፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሐሙስ ሁለቱ ሰዎች ጠዋት መጡ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በር በሩን አዩ። ጎልማሳው ስልኩን እያወጣ አንድ ነገር ያይና መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ፎቶ ነው ብዬ ወሰንኩ። ውኃ የምቀዳ መስዬ በየጠረጴዛው ዞርኩ፣ በየጆሮው ተናገርኩ፤ «ድንገት ቢወርዱ ማንም እንዳይንቀሳቀስ። እንዳትስሉ። ኮፍያ እንዳይወልቅ። ማኘክ እንዳይቆም።» አቦይ ወልዱን ለብቻቸው ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው።

«እሺ ማዳም» አሉኝ። «እንደ ሞተ ሰው እቀመጣለሁ።»

ዓርብ ምሳ ሰዓት ቤቱ ሙሉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ቦታቸው ላይ ናቸው። ሊያ ከቢሮዋ በየሰዓቱ ትደውላለች፤ «አሁንም አሉ?» «አሉ።» የውኃ ጆጉን ይዤ መሐል ላይ ቆሜ ሳለ ከደረጃው በኩል የእግር ኮቴ ሰማሁ። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ቀኝ እግራቸው ከእስሩ ወዲህ ትንሽ ይጎተታል።

«እመቤቴ፣ መልሽልኝ» አልኩ በልቤ። የሚመለሱ አይደሉም። በኋላ እንደነገሩኝ ሦስት ቀን ሙሉ ቀለም ስላልሸተታቸው ነው የወረዱት።

ደጃፉ ላይ ደረሱና እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ። አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሰው አልሳለም። ያቺ ሴትዮ እንኳ ታኝካለች፤ ሌላ ድምፅ የለምና ማኘኳ ይሰማል። አቦይ ወልዱ ሽሯቸው ላይ አፍጥጠዋል፤ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘውታል፣ እንዳያነሳቸው። እንዲህ የታዘዘ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። በልቤ «ጎበዞች!» አልኳቸው።

ከዚያ እጃቸውን አየሁ። የጋሽ አሰፋ ቀኝ እጅ ቀድማ ወጥታለች። መዳፋቸው ወደ መሬት ተዘርግቶ፣ ተቀመጡ እያለ፣ አየር ላይ ቀርቷል። የሚቀመጥ ግን የለም። ማንም አልተነሳማ! ዞር ዞር ብለው ቤቱን አዩ። ፊታቸውን ልነግራችሁ አልችልም። ከእስር ወጥተው የመጡ ለት፣ ከስተው የመጡ ለት፣ የሰው ኮት ለብሰው የመጡ ለት እንኳ እንዲያ ያለ ፊት አልነበራቸውም።

በዚህ መሐል ወንበር ተንቋቋ።

በር በሩን የሚያየው ጠረጴዛ ነው። ሁለቱም ሰዎች ቆመዋል።

ጆጉ ከእጄ አምልጦ ተከሰከሰ። አበቃ፣ ወሰዷቸው አልኩ። በጓዳ ላስሮጣቸው ይሆን፣ መሐል ልግባ ይሆን፣ ልጩህ ይሆን፤ ሐሳቡ ሁሉ መጣ፣ እግሬ ግን አልመጣም። ሽማግሌው ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ወገቡ ላይ አሰረው።

«ኖር!» አለ። «ኖር ጌታዬ! ከእጅዎ አወቅንዎ!»

ጋሽ አሰፋ እጃቸውን ገና አላወረዱም ነበር። «በእግዚአብሔር» አሉ ቀስ ብለው። «በእግዚአብሔር። ተቀመጡ።» አሁን እጃቸው ሥራ አገኘች።

ሽማግሌው አልተቀመጠም። ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ያዙት፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። «ሞቱ ብለውን ነበር እኮ» አለ።

«አልሞትኩም። ኢስትሊ ነኝ።»

«ብዙም ልዩነት የለው» አሉ አቦይ ወልዱ ወደ ሽሯቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ አሰፋ ከሄዱ ወዲህ የወንዙ ቀን ፈረሰ፤ የላይኞቹና የታችኞቹ እንደገና ጦር ተማዘዙ፣ ሰው ሞተ። ሹማምንት ቢመጡ፣ ሽማግሌ ቢላክ፣ ሁለቱም ወገን የሚመልሱት አንድ ነው፤ ቀኑን የከፈሉት ሰውዬ በሕይወት ካሉ መጥተው ይድገሙት፣ ከሌሉም ዕርቅ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ከላይኞቹ፣ አንድ ሰው ከታችኞቹ ተመርጦ ተላከ። ፎጣ የለበሰው የላይኛው፣ ጃኬት የለበሰው የታችኛው ነው። ጫማውን ያገር ሰው አዋጥቶ ገዝቶላቸው ከተማ እስኪገቡ ተሸክመውት ነው የመጡት፤ ትልቅ ሰው ፊት እንዴት በጭቃ ጫማ ይቆማል?

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም ትላላችሁ?» አልኳቸው።

«እናንተን ፈርተን!» አለ ጎልማሳው። «የማን እንደሆናችሁ በምን እናውቃለን? እርስዎ ደግሞ፣ እመቤት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በዓይንዎ ሲገርፉን ነው የሰነበቱት።» ስልኩን አወጣና አሳየኝ። ፎቶ አልነበረም። ሚስቱ «አገኛችኋቸው?» እያለች የምትልከው መልእክት ነው።

እኔ እነሱን ስፈራ፣ እነሱ እኔን ሲፈሩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮ ስናቀርብና ሽሮ ስንበላ ከርመናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጆሮ ለሰጠው ግን ጋሽ አሰፋ አንድ ቃል ብቻ ሲሉ ይሰማ ነበር።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

ሳቄ እዚያው ደረቀ። ተከትያቸው ፎቅ ወጣሁ። አንድ ቦርሳ ነው ያላቸው፤ ሸሚዛቸውን እያጠፉ ይከታሉ።

«ጋሽዬ፣ ያባረሩዎት ሰዎች እኮ ዛሬም እዚያው ናቸው» አልኩ።

«ናቸው።»

«ዛሬም ሰው ኖር ሲልዎት እነሱ ይሰማሉ። አገር ምድሩ ነው የሚነሳልዎ። ያን ያህል ድምፅ የት ይደበቃል?»

ሁለተኛውን ሸሚዝ አጠፉ። እኔም የሆዴን አወጣሁ። «እነዚህ ልጆች ሳይወዱዎት ቀርተው አይደለም ዛሬ ያልተነሱልዎ። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። እንዳይስሉ እንኳ ነግሬያቸዋለሁ። ቀለምም የለም፤ ዋሽቼዎት ነው። ይማሩኝ።»

ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ፣ እታለም። ወልዱ ወንበሩን ሳያስተካክል ሲቀር ገብቶኛል።»

«ካወቁ ታዲያ?»

ቀኝ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እኔ አውቄያለሁ» አሉ። «እጄ ግን አላወቀችም።»

እኒህ ሰው አንዲት አሮጊት ቁሙ ተብላ ስትወድቅ ያዩ፣ ለእናቴ ወንበር ዘርግተው ሁለት ሰዓት የቆሙ፣ ሰው እንዳይነሳላቸው ራሳቸው የሚከለክሉ ናቸው። ሰው ሳይነሳላቸው መኖር ግን አልቻሉም። ይህን ለነቀፋ አይደለም የምጽፈው። እንጀራ አጉራሽም ጉርሻውን ሲመልሱበት ደስ አይለውም። እንደ ወትሮው አንድ ሰው ቢስልላቸው፣ አቦይ ወልዱ አንድ ጣት ያህል ብድግ ቢሉላቸው፣ ምናልባት ቁጭ ብለው ምሳቸውን በልተው፣ ለመልእክተኞቹ ቃላቸውን በስልክ ቀድተው ይሰጧቸው ነበር። ሊያ ዓርብ ማታ በስልክ መቅዳት እንደሚቻል ነግራቸውም ነበር። ያን ቀን ግን ከስምንት ጠረጴዛ የተነሳላቸው አንድ ብቻ ነው። ሰው ወደተነሳለት ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ሸኘናቸው። ሊያ የለመነችው መኪና ለሳውዝ ሲ ሳይሆን ለሞያሌ አውቶቡስ መነሻ ዋለ። ደንበኞቼ ሁሉ መጥተው መንገዱ ዳር ተሰለፉ። ጋሽ አሰፋ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጥተው ሲዞሩ ደንቤን የሚያስታውስ አልነበረም፤ «ኖር!» አልን በአንድ ድምፅ። ሸቀጥ የሚያወርዱት ኬንያውያን ሥራቸውን አቁመው አዩን። ጋሽ አሰፋ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘረጉ።

«በእግዚአብሔር! ተቀመጡ!» አሉን፤ ጭቃ መንገድ ላይ ቆመን።

ከሞያሌ ደወሉ። «ደህና ደርሰናል፣ ነገ እንሻገራለን፤ ሽሮሽን ናፈቅኩ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስልካቸው ዝግ ነው። የጎልማሳውም ዝግ ነው። ሊያ በምሳ ሰዓቷ ትሞክራለች፣ እኔ ከጸሎት በኋላ እሞክራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዚያ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ወሬ ነገረን፤ የላይኞቹና የታችኞቹ ወንዙ ዳር ተቀምጠዋል፣ ታርቀዋል፣ እሑድ ወንዙ ለራሱ እንዲፈስ ተደርጓል አለ። እልል አልን። «ያስታረቁትስ ሰውዬ?» ብለው አቦይ ወልዱ ጠየቁት። ነጋዴው ምግቡን አየ። እሱን አልሰማሁም አለ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እንደነበር ነው የሰማሁት፣ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር አሉ፣ አለ።

እኔ የሰማሁት ቆሞ ነበር የሚለውን ብቻ ነው። የአዳራሹ ወሬም እንዲህ ነበር የሚጀምረው።

ክፍላቸውን አላከራየሁትም። እመቤቴንም በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናት፤ የውሸቴን ይቅርታ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ደንቡን ግን ሽሬዋለሁ። አሁን በእኔ ቤት በሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ይሁን ማን ይነሳለታል። ለጨርቅ ቤቱ ሶማሌ ተነስተናል። ኪፓንዴ ሊጠይቅ ለገባ ፖሊስ ተነስተናል፤ ደንግጦ ሳይጠይቅ ወጣ። ትናንት የጋዝ ሲሊንደር የሚያመላልሰው ኬንያዊ ሲገባ ስምንቱ ጠረጴዛ ብድግ አለለት። የመጀመሪያ ቀን ወደ ኋላው ዞሮ ማን መጣ ብሎ አይቶ ነበር፤ ትናንት ግን ሲሊንደሩን አስቀምጦ፣ አቦይ ወልዱ እንዳስተማሩት መዳፉን ዘርግቶ፣ «በግዜር» አለን።

ወንበር ሲንቋቋ አሁንም ልቤ ቀጥ ይላል። ቀና ብዬ በሩን አያለሁ። እስካሁን የገቡት እሳቸው አይደሉም። እንዲያም ሆኖ ተነስተናል።